በተሰነጣጠቀ ባዛልት ላይ ናዳንና የመሬት ነውጥ ሞገድን አንድ ላይ የማስላት አሠራር፦ ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ ላሉ ተዳፋቶች

ባሕር ዳር ለጥ ባለ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ስለሆነች ናዳ ከከተማው ሰው ሐሳብ የራቀ ነው። ዓባይን ተከትለው ወደ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርዱ ግን ነገሩ ይለወጣል። ወንዙ ከባዛልቱ ጠርዝ ከ40 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረወራል፤ ከፏፏቴው በታች ሸለቆው እየጠበበ ይጠልቃል። በምሥራቅ ከጉና ወደ ጣና የሚወርዱት ተዳፋቶችም ሆኑ በሰሜን ያሉት የጎርጎራ ኮረብቶች እሳተ ገሞራ ያነጠፋቸው አለቶች ናቸው፤ አለቱም የተሰነጣጠቀ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ መንገድ፣ ቦይ፣ የድንጋይ ካባ ወይም መኖሪያ ከመሠራቱ በፊት ሁለት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው፦ ተዳፋቱ በክረምት ይቆማል ወይ? መሬት ሲንቀጠቀጥስ?

በብዙ ጥናቶች እነዚህ ጥያቄዎች ለሁለት ባለሙያዎች ይከፈላሉ። አንዱ የተዳፋቱን መረጋጋት ያሰላል፣ ሌላው የሞገዱን ጉዞ። ውጤቶቹ የሚገናኙት በሪፖርቱ መጨረሻ ብቻ ነው። ይህ አካሄድ ለተሰነጣጠቀ አለት አይሠራም። የዝናቡን ውኃ ወደ ውስጥ የሚያስገባው፣ የአለቱን መያዣ የሚያላላውና ሞገዱን የሚያዘገየው ያው አንድ ስንጥቅ ነው። ስለዚህ ስንጥቁ አንድ ጊዜ በደንብ ይለካል፤ ቁጥሩም ወደ ሁለቱም ስሌት ይገባል። ሞዴሉም ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ አንዴ ለበጋ፣ አንዴ ለክረምት።

1. ምን ሊወድቅ እንደሚችል አስቀድሞ መለየት

ኮምፒውተር ከመክፈትዎ በፊት ተዳፋቱን በእግር ይዙሩ። በዚህ አካባቢ በብዛት የሚጠበቁት የአወዳደቅ ዓይነቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ዋልካ ወይም ልቅ አፈር ከሥሩ ባለው አለት ላይ በስሱ መንሸራተቱ ነው። ሁለተኛው ትልቅ የባዛልት ብሎክ በሁለት የላቫ ንጣፎች መካከል በተቀበረ ቀይ አፈር ላይ መንሸራተቱ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ዓምድ ዓምድ ሆኖ የተሰነጠቀ ባዛልት ሥሩ ሲቦረቦር ወደ ፊት መገንደሱ ነው። ለእያንዳንዱ የሚያገለግለው ስሌት የተለየ ነው፤ ለመጀመሪያው የተሠራ ቀመር ሦስተኛውን አያይም።

ቀዩን አፈር በተለይ ይፈልጉ። አንድ ላቫ ፈስሶ ከረጋ በኋላ ቀጣዩ እስኪመጣ ድረስ በአየርና በውኃ የበሰበሰው ገጽ ነው፤ ከላይ በፈሰሰው ላቫ ተቃጥሎ ይቀላል። ውፍረቱ ከአንድ ክንድ ላይበልጥ ይችላል፤ ነገር ግን ውኃ በላዩ ይቆማል፣ ምንጭም ከእርሱ ሥር ሳይሆን ከበላዩ ይፈልቃል። በገደል ፊት ላይ በአንድ ከፍታ የተደረደሩ ምንጮችና አረንጓዴ መስመር ካዩ ንጣፉን አገኙት ማለት ነው።

ከዚያ የሚሰላውን መቁረጫ መስመር ይምረጡ። መስመሩ ቁልቁለቱ በጠነከረበት አቅጣጫ ይሂድ። ለሞገዱ ሲባል ከገደሉ አፍ ወደ ኋላ፣ ከግርጌውም ወደ ፊት፣ የገደሉን ከፍታ ቢያንስ 2 ወይም 3 እጥፍ ይቀጥል።

2. ካርታና ከፍታ

በነፃ የሚገኙት የሳተላይት የከፍታ መረጃዎች አንድ ነጥብ በየ30 ሜትሩ አላቸው። ለሰፊ አካባቢ ይበቃሉ፤ ለገደል ግን አይበቁም። ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። በኪውጂአይኤስ የካርታ ሶፍትዌር የሚሠራው የተዳፋት ስሌት ከአንዱ ነጥብ ግራና ቀኝ ያሉትን ያነጻጽራል፤ ያ ማለት 60 ሜትር ርቀት ነው። 45 ሜትር ቀጥ ብሎ የቆመ ገደል በ60 ሜትር ሲካፈል 0.75 ይሆናል፤ ይህም 37 ዲግሪ ነው። ቀጥ ያለው ገደል በካርታዎ ላይ ከብት የሚወጣው ዳገት መስሎ ይታያል። ስለዚህ የመረጡትን መስመር በቶታል ስቴሽን ወይም በድሮን ይለኩ። ድሮን ለማብረር አስቀድሞ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል።

ሌላው የተለመደ ስሕተት የመጋጠሚያ ነው። ነባሮቹ የ1፡50,000 የኢትዮጵያ ካርታዎች በአዲንዳን ዳተም (የመጋጠሚያ መነሻ ሥርዓት) የተሠሩ ናቸው፤ የእጅ ጂፒኤስ ግን በደብሊውጂኤስ 84 ያነባል። ሁለቱ በዚህ አካባቢ በ200 ሜትር ገደማ ይለያያሉ። አንዱ ፋይል ሳይቀየር ከገባ የለኩት ስንጥቅ ከገደሉ ወጥቶ ሜዳ ላይ ያርፋል። ሁሉንም ወደ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን፣ ደብሊውጂኤስ 84 ይቀይሩ።

ስለ ጊዜም አንድ ነገር፦ የዝናብ መረጃ በፈረንጅ ቀን፣ የመሬት ነውጥ መዝገብ በዓለም አቀፍ ሰዓት፣ የአካባቢው ሰው ምስክርነት ደግሞ በእኛ ቀንና ሰዓት ይመጣል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት በነውጥ መዝገቡ 5 ሰዓት ነው። ሦስቱን በአንድ ሰንጠረዥ ካላስማሙ ዝናብና ናዳ ሳይገናኙ ይቀራሉ።

3. ስንጥቆችን መለካት

ሥራው የሚለፋውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው ቀላል ነው፦ 30 ሜትር የሚዘረጋ ሜትር፣ የጂኦሎጂ ኮምፓስ፣ የስንጥቅ ስፋት መለኪያ ስስ ብረት፣ ሽሚት መዶሻ (ነጥሮ በመመለሱ የአለት ጥንካሬ የሚለካ) እና የሸካራነት መለኪያ ማበጠሪያ።

ሜትሩን በአለቱ ፊት ላይ በደረት ከፍታ በአግድም ይወጥሩ። ሜትሩን የሚያቋርጠውን እያንዳንዱን ስንጥቅ ሳይመርጡ ይመዝግቡ፦ በስንተኛው ሜትር ላይ እንደሆነ፣ ዝንባሌውንና የዝንባሌውን አቅጣጫ፣ ርዝመቱን፣ ስፋቱን በሚሊሜትር፣ በውስጡ ሸክላ ወይም ሥር እንዳለ፣ እርጥብ መሆኑን። ከ80 እስከ 300 መዝገብ በዓለም አቀፉ የአለት መካኒክስ ማኅበር መመሪያ የተቀመጠ ነው፤ መዝገቡ ሲያንስ የስንጥቅ ቤተሰቦቹ (በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱት ቡድኖች) በግልጽ አይለዩም።

የዓምድ ባዛልት ስንጥቆች ቆመው የሚሄዱ ናቸው፤ አግድሙ ሜትር ሁሉንም ይቆርጣል። የላቫ ንጣፎቹ መገናኛ ግን አግድም ስለሆነ ሜትሩ አጠገብ ለአጠገብ ያልፈዋል፣ አያየውም። ናዳውን የሚሸከመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያ መገናኛ ነው። ስለዚህ በገመድ ወይም በመሰላል ሁለተኛ፣ ቁልቁል የሚወርድ መስመር የግድ ነው። በተጨማሪም እያንዳንዱን መዝገብ ክብደት በመስጠት ያርሙ፦ ክብደቱ አንድ ሲካፈል ለመስመሩና ለስንጥቁ ገጽ መካከል ላለው ማዕዘን ሳይን ነው። ማዕዘኑ ከ15 ዲግሪ ሲያንስ ክብደቱ ስለሚያብጥ እዚያው ላይ ይገደብ።

ባዛልት ማግኔትነት አለው። ኮምፓሱን አለቱ ላይ ከለጠፉት መርፌው ይዞራል፤ መብረቅ በመታው የኮረብታ አናት ላይ ስሕተቱ በአሥር ዲግሪዎች ሊቆጠር ይችላል። የእንጨት ሰሌዳ በስንጥቁ ገጽ አቅጣጫ ዘርግተው ኮምፓሱን ከአለቱ አርቀው ያንብቡ። ከሁለት ቦታ ሆነው እርስ በርስ በመነጣጠር አቅጣጫው በትክክል 180 ዲግሪ መለያየቱን ያረጋግጡ። ካልተለያየ የዚያ ቦታ ንባብ አይታመንም።

ከመዝገቡ የሚወጡት ቁጥሮች በሜትር ኩብ የስንጥቆች ብዛት፣ አማካይ ርቀታቸውና የሸካራነት መለኪያቸው ናቸው። የመንሸራተት ጥንካሬውን በባርተን ቀመር ያስሉ፦ መሠረታዊው የሰበቃ ማዕዘን ላይ፣ የሸካራነት ቁጥሩ በ"ግድግዳው ጥንካሬ ሲካፈል ለሚጫነው ግፊት" ሎጋሪዝም ተባዝቶ ይደመራል። ለምሳሌ ማዕዘኑ 28 ዲግሪ፣ ሸካራነቱ 8፣ የግድግዳው ጥንካሬ 60 ሜጋፓስካል፣ ግፊቱ 0.2 ሜጋፓስካል ቢሆን፣ የ300 ሎጋሪዝም 2.48 ስለሆነ ጠቅላላው ወደ 48 ዲግሪ ይደርሳል። ግድግዳው በስብሶ ጥንካሬው 10 ሜጋፓስካል፣ ማዕዘኑም 24 ዲግሪ ቢሆን 38 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። አንድ ዓይነት አለት፣ የአሥር ዲግሪ ልዩነት። ሽሚት መዶሻው ትኩስ በተሰበረ ድንጋይ ላይ ሳይሆን በስንጥቁ በራሱ ገጽ ላይ መመታት ያለበት ለዚህ ነው። ስንጥቁ በሸክላ ከተሞላ ደግሞ ይህን ቀመር ይተዉት፤ ጥንካሬው የሸክላው ነው።

4. ሞገድን በሜዳ መለካት

24 ጂኦፎኖች (የመሬት ንዝረት መቀበያዎች) በ2 ሜትር ልዩነት ሲተከሉ 46 ሜትር መስመር ይሆናሉ። የ4.5 ሄርዝ ጂኦፎን ለገጽ ሞገድ ተስማሚ ነው። ምንጩ 8 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ በብረት ሰሌዳ ላይ ሲሆን በእያንዳንዱ ነጥብ ከ5 እስከ 10 ጊዜ መትቶ መደመር ጫጫታውን ይቀንሳል። በጣና ዳር ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ የሐይቁ ማዕበልም ዛፉም መሬቱን ያነዋውጣሉ፤ ያለ መዶሻ የተፈጥሮ ንዝረት የሚለኩ ከሆነ ማለዳ ይሥሩ።

የሪፍራክሽን ዘዴ (ከታችኛው ንጣፍ ታጥፎ የሚመለሰውን ሞገድ የሚለካው) በዚህ አካባቢ አደገኛ ክፍተት አለው። ዘዴው የሚሠራው ወደ ታች ሲወርዱ ፍጥነት እየጨመረ ሲሄድ ነው። እዚህ ግን ጠንካራ ባዛልት ከላይ፣ ደካማ ቀይ አፈር ወይም ስኮሪያ (ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ከታች ይገኛል። ከደካማው ንጣፍ ምንም ሞገድ ታጥፎ አይመለስም፤ ፕሮግራሙም ንጣፉ የሌለ ያህል ንጹሕ ሥዕል ይሰጥዎታል። የገጽ ሞገድ ዘዴን፣ የኤሌክትሪክ መቋቋም ልኬትን፣ ቢቻል ደግሞ የጉድጓድ ውስጥ ልኬትን ይጨምሩ። ጉድጓድ ከሌለ ገደሉ ራሱ የተከፈተ ጉድጓድ ነውና ንጣፉን ወርደው ያረጋግጡ።

በቤተ ሙከራ የተለካ ፍጥነትን ወደ ሞዴሉ አያስገቡ። እጅ የሚያህለው ናሙና ስንጥቅ የለውም፤ ለደኅና ባዛልት በሰከንድ 5,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ይሰጣል። በሜዳ ያው አለት 2,600 ሊሆን ይችላል። የሁለቱ ንጽጽር በካሬ 0.27 ነው፤ ከ0.2 እስከ 0.4 ያለው በዚህ መለኪያ ደካማ የአለት ክምችት ይባላል።

ከዚህ ልዩነት የስንጥቁን ግትርነት ማውጣት ይቻላል። ክብደቱ በሜትር ኩብ 2,700 ኪሎ ሲሆን የደኅናው አለት ሞዱለስ (ክብደት ሲባዛ በፍጥነት ካሬ) 67.5 ጊጋፓስካል፣ የሜዳው 18.25 ጊጋፓስካል ነው። አንድን ለየራሳቸው ያካፍሉና ይቀንሱ፤ 0.0548 ሲቀነስ 0.0148 እኩል ነው 0.04። ስንጥቆቹ በየግማሽ ሜትሩ ካሉ፣ አንድ ሲካፈል ለ0.04 እና ለ0.5 ብዜት 50 ጊጋፓስካል በሜትር ይሰጣል። ይህ ለስንጥቆቹ ቀጥ ብሎ ለሚጓዝ ሞገድ ነው። ለስንጥቆቹ ጎን ለጎን የሚሄደው ሞገድ ወደ 5,000 ይጠጋል፤ ስለዚህ መስመሩን በሁለት አቅጣጫ ይዘርጉ።

ልኬቱን በግንቦት አንዴ፣ በነሐሴ አንዴ ይድገሙት። ውኃ ስንጥቁን ሲሞላው የመጭመቂያ ሞገድ ፍጥነት ይጨምራል፤ የሸር ሞገድ (መሬቱን ወደ ጎን የሚያወዛውዘው) ግን ውኃ ውስጥ ስለማያልፍ ብዙም አይለወጥም። የሁለቱ ንጽጽር ከበጋ ወደ ክረምት ምን ያህል እንዳደገ ውኃው እስከ የት እንደገባ ይነግራል።

5. መረጋጋት፦ በበጋና በክረምት

በአለት ላይ ለተቀመጠ ስስ አፈር ቀላሉ ቀመር ይበቃል። የደህንነት ምጣኔው የሚይዘው ጉልበት ሲካፈል ለሚገፋው ጉልበት ነው። እንዲህ ያለ ተዳፋት እናስብ፦ ዝንባሌ 25 ዲግሪ፣ የአፈሩ ውፍረት 3 ሜትር፣ ክብደቱ በሜትር ኩብ 18 ኪሎኒውተን፣ ቁርኝቱ 5 ኪሎፓስካል፣ የሰበቃ ማዕዘኑ 28 ዲግሪ።

ክብደት ሲባዛ በውፍረት 54 ነው። በሳይንና በኮሳይን ሲባዛ የሚገፋው 20.7 ኪሎፓስካል፣ በኮሳይን ካሬ ሲባዛ የሚጫነው 44.4 ኪሎፓስካል ይሆናል። አፈሩ ደረቅ ከሆነ የሚይዘው 5 ሲደመር 44.4 ሲባዛ በ0.532፣ ማለትም 28.6 ነው። ምጣኔው 1.38። ውኃ ግማሹን ውፍረት ሲሞላ የሚጫነው በ12.1 ይቀንስና ምጣኔው 1.07 ይሆናል። ውኃው እስከ ላይ ሲሞላ 0.76 ነው፤ ተዳፋቱ ገና ሳይሞላ ወርዷል ማለት ነው። ዝናቡ እንጂ ቁልቁለቱ አልተለወጠም።

ባሕር ዳር በዓመት ከምታገኘው 1,400 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። የዋልካው የበጋ ንቃቃት የሰኔን ውኃ በቀጥታ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ከዚያ አፈሩ አብጦ ይዘጋል፣ የገባው ውኃ ግን ከአለቱ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ስለዚህ የአንድ ቀን ዝናብ ብቻ ማስገባት ያታልላል። የ30 ቀን ድምርን ከመጨረሻዎቹ 3 ቀናት ዝናብ ጋር ያያይዙ። የዝናብ ጣቢያ ሩቅ ከሆነ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የቺርፕስ የሳተላይት ዝናብ መረጃ በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥራት ይገኛል፤ ከፍ ባሉ ተራሮች ላይ ግን ከጣቢያ ጋር ሳያነጻጽሩ አይጠቀሙበት።

ለአለት ብሎኮች መጀመሪያ የአቅጣጫ ፍተሻ ይደረጋል። ስንጥቁ ወደ ገደሉ ፊት የሚያዘነብል፣ ከገደሉ ይልቅ የተኛ፣ ከሰበቃው ማዕዘን ይልቅ የቆመ፣ አቅጣጫውም ከገደሉ በ20 ዲግሪ ውስጥ ከሆነ ብሎኩ ሊንሸራተት ይችላል። ከኋላ ያለ ክፍት ስንጥቅ በውኃ ሲሞላ ብሎኩን ወደ ፊት እንደሚገፋው አይርሱ፤ ግፊቱ በውኃው ከፍታ ካሬ ነው የሚያድገው።

6. ሞገዱ በስንጥቁ ሲያልፍ

አንድ ስንጥቅ ከሞገዱ ምን ያህሉን እንደሚያሳልፍ በሦስት ነገር ይወሰናል፦ በድግግሞሹ፣ በአለቱ ክብደትና ፍጥነት ብዜት፣ በስንጥቁ ግትርነት። ድግግሞሹን በ6.28 እና በብዜቱ ያባዙ፣ ለግትርነቱ እጥፍ ያካፍሉ፤ ውጤቱን በካሬ አንሥተው አንድ ይጨምሩ፣ ሥሩን ያውጡ፤ አንድን ለእርሱ ሲያካፍሉ የሚያልፈው ድርሻ ይገኛል።

ፍጥነቱ 5,000፣ ግትርነቱ 50 ጊጋፓስካል በሜትር ሲሆን 50 ሄርዝ የሆነ ሞገድ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ያልፋል። በገደሉ አፍ ላይ የተከፈተና በሸክላ የተሞላ ስንጥቅ ግትርነቱ 1 ቢሆን፣ ከ50 ሄርዙ 43 በመቶ፣ ከ10 ሄርዙ 92 በመቶ፣ ከ2 ሄርዙ ከ99 በመቶ በላይ ያልፋል። ስለዚህ በአቅራቢያ ያለ የካባ ፍንዳታ በተሰነጣጠቀ ባዛልት ውስጥ ቶሎ ይዳከማል፤ የሩቅ መንቀጥቀጥ ዝግተኛ ሞገድ ግን ይደርሳል። በ2017 ዓ.ም መንቀጥቀጥ የተደጋገመበት ፈንታሌ ከባሕር ዳር በቀጥታ መስመር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከዚህ ያህል ርቀት የሚቀረው በአብዛኛው ዝግተኛው ሞገድ ነው።

የብዙ ስንጥቆችን ውጤት ለማግኘት የአንዱን ድርሻ ደጋግሞ ማባዛት የተለመደ ነው፤ ስንጥቆቹ ከሞገዱ ርዝመት አንጻር ተቀራርበው ሲገኙ ግን ስሕተት ነው። በ10 ሜትር ውስጥ 20 ልል ስንጥቆች ቢኖሩ፣ ለ2 ሄርዝ ማባዛቱ 93 በመቶ ያልፋል ይላል። ቀጠናውን እንደ አንድ ልል ንጣፍ ቆጥረው ቢያሰሉት ግን ወደ 51 በመቶ ይወርዳል። ያላለፈው ደግሞ አይጠፋም፤ ይመለሳል፣ በስንጥቆችም መካከል ይመላለሳል። ከታች የገባ ሞገድ በገደሉ አፍና በክፍቱ ስንጥቅ መካከል ባለው ብሎክ ላይ እየተጠራቀመ ከኋላው ካለው አለት አብልጦ ሊንጠው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በሞዴል ውስጥ ሁለት መንገድ አለ። የተቀራረቡትን ትንንሽ ስንጥቆች አለቱን በማላላት፣ አቅጣጫ ያለው ሞዱለስ በመስጠት ይተኩ። ብሎኩን ከተራራው የሚለዩትን ጥቂት ትልልቅ ስንጥቆችና የቀይ አፈሩን መገናኛ ግን አንድ በአንድ፣ ከነግትርነታቸውና ከነሰበቃቸው ይሣሉ። ሁሉንም መሣል ኮምፒውተሩን ያንቃል፤ ሁሉንም ማላላት ደግሞ የሚወድቀውን ብሎክ ከሥዕሉ ያጠፋዋል።

7. ሞዴሉን ማስኬድ

የሜሹ (ሞዴሉ የሚከፋፈልባቸው የትንንሽ ክፍሎች መረብ) መጠን በዝግተኛው ንጣፍ ይወሰናል። የአፈሩ የሸር ሞገድ ፍጥነት 180፣ የሚፈለገው ከፍተኛ ድግግሞሽ 10 ሄርዝ ከሆነ የሞገዱ ርዝመት 18 ሜትር ነው፤ አንዱ ክፍል ከዚያ አንድ ስምንተኛ እስከ አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 2 ሜትር ገደማ መሆን አለበት። 5 ሜትር ቢያደርጉት ፈጣኑ ንዝረት በሜሹ ይጣራል፣ ተዳፋቱም ከእውነቱ የረጋ ይመስላል። የጊዜ እርምጃው በተቃራኒው በፈጣኑ አለት ይወሰናል፦ 2 ሜትር ሲካፈል ለ5,000 የ0.0004 ሰከንድ ነው፤ ግማሹን፣ 0.0002ን ይውሰዱ። ለ40 ሰከንድ መንቀጥቀጥ 200,000 እርምጃ ይሆናል።

ታችኛው ወሰን ሞገድ የሚያሳልፍ ይሁን። ወሰኑ ተቸንክሮ ከቀረ ከገጹ የተመለሰው ሞገድ እንደገና ወደ ላይ ይነጥርና ተዳፋቱ ማብቂያ በሌለው ንዝረት ይናጣል። በሚያሳልፍ ወሰን ላይ መንቀጥቀጡ የሚገባው በግፊት መልክ ነው፤ ግፊቱ ክብደት ሲባዛ በሸር ፍጥነት ሲባዛ በሚወጣው ሞገድ የቅንጣት ፍጥነት፣ ያ ሁሉ እጥፍ። እጥፉን መርሳት የመንቀጥቀጡን ግማሽ ያስቀራል። በገጽ ላይ የተቀዳ መዝገብ ደግሞ የተመለሰውንም ሞገድ አብሮ ስለያዘ ወደ ላይ የሚወጣው ግማሹ ነው። የግራና የቀኝ ወሰኖች የነፃ ሜዳ ዓምድ (ተዳፋት የሌለበትን ሜዳ ንዝረት የሚወክል) ይሰጣቸው።

ለእርግበት (ንዝረቱ በመሬቱ ውስጥ ለሚበርድበት መጠን) ከ2 እስከ 5 በመቶ ይበቃል። በ1 እና በ10 ሄርዝ 3 በመቶ እንዲሆን የራይሌ ቁጥሮቹ (እርግበቱን ከድግግሞሹ ጋር የሚያያይዙት) አልፋ 0.343፣ ቤታ 0.00087 ናቸው። ቤታ ሲጨምር የጊዜ እርምጃው ማጠር እንዳለበት ያስታውሱ፤ ስሌቱ በድንገት ቢፈነዳ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

መንቀጥቀጡን በኢትዮጵያ የሕንፃ ደረጃ ኢኤስ ኢኤን 1998-1:2015 ከተቀመጠው የቦታው የመሬት ፍጥነት ጭማሪ ጋር ያስማሙ። ቢያንስ 3 መዝገቦች ከተጠቀሙ ትልቁን፣ 7 ከሆኑ አማካዩን ይወስዳሉ። ከ15 ዲግሪ በላይ ለሆነ ተዳፋት የገደል አፍ ማጉያ ቢያንስ 1.2 ነው፤ ነገር ግን ባለሁለት አቅጣጫ ሞዴል ካለዎት ማጉያው በውስጡ ስላለ ደግመው አያባዙት።

እውነተኛውን ተዳፋት ከማስኬድዎ በፊት ተዳፋት የሌለው ሜዳ ያስኪዱ። 12 ሜትር አፈር፣ ፍጥነቱ 180፣ በአለት ላይ ቢቀመጥ የተፈጥሮ ድግግሞሹ 180 ሲካፈል ለ48፣ ማለትም 3.75 ሄርዝ መሆን አለበት። አፈር በሌለበት ወጥ አለት ላይ ደግሞ የገጹ ንዝረት ከገባው ሞገድ እጥፍ ይሆናል። ሁለቱ ካልወጡ ከሶፍትዌሩ የሚመጣው ባለ ቀለም ሥዕል ሁሉ ዋጋ የለውም።

8. ሁለቱን ማገናኘት

አሁን ወደ ክፍል 5 ተዳፋት ይመለሱና የሚያንሸራትተውን አነስተኛ አግድም ፍጥነት ጭማሪ ያስሉ። ደረቁ ተዳፋት የሚንቀሳቀሰው በ0.143 የስበት ፍጥነት ጭማሪ ነው። ግማሹ በውኃ የተሞላው በ0.027 ይንቀሳቀሳል፤ ከአምስት እጥፍ በላይ ዝቅ ብሎ። በበጋ ምንም የማያደርገው መጠነኛ ነውጥ በነሐሴ ተዳፋቱን ሊያወርደው ይችላል። ለበጋ ብቻ የተሠራ የመንቀጥቀጥ ጥናት ለዚህ አካባቢ ያልተሠራ ያህል የሚቆጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ በኒውማርክ ዘዴ ከዚህ መነሻ በላይ ያለውን የንዝረት ክፍል ሁለት ጊዜ አጠራቅመው መንሸራተቱን በሴንቲሜትር ያግኙ። ለቀይ አፈር መገናኛ ጥቂት ሴንቲሜትርም ብዙ ነው፤ ሸካራው ገጽ ሲፋቅ ጥንካሬው ስለሚወርድ ከመጀመሪያው እንቅስቃሴ በኋላ ሰበቃውን ዝቅ አድርገው ስሌቱን ይድገሙ።

9. ከመሬቱ ጋር ማመሳከር

በአቅራቢያው የወረደ የቆየ ናዳ ካለ ያንኑ ተዳፋት በደህንነት ምጣኔ 1 አስቀምጠው ጥንካሬውን ወደ ኋላ ያስሉ። ከቤተ ሙከራው ቁጥር ጋር ካልተስማማ በአብዛኛው የሚሳሳተው ናሙናው ነው። የተጣመሙ ዛፎች፣ ያዘነበሉ የአጥር እንጨቶች፣ ቦታ የቀየሩ ምንጮችም ማስረጃ ናቸው፤ በዕድሜ የገፉ የመንደሩ ሰዎችን ይጠይቁ።

ሞዴሉ በመጀመሪያው ናዳ አይቁም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ። አፈሩ ሲወርድ ከኋላው የሚቀረው ግድግዳ ከቀድሞው የቆመ፣ ውኃውም ገና ያልወጣ ነው። ስለዚህ የወረደውን ክፍል ከሞዴሉ ቆርጠው አዲሱን ገጽ ከነውኃው እንደገና ያስሉ። የሚገኘው ምጣኔ ከ1 በታች ከሆነ ሪፖርቱ ነፍስ አድን ሠራተኛ የት መቆም እንደሌለበት በካርታ ያሳይ።

ለወረዳውና ለቀበሌው ከሪፖርቱ ጋር የሚሰጠው የመጨረሻው ነገር የመቆጣጠሪያ ዘዴ ነው። በገደሉ አፍ ላይ በታየው ስንጥቅ ግራና ቀኝ ሁለት የብረት ችካሎች ይተከሉ፤ ርቀታቸው በበጋ በየሳምንቱ፣ በሐምሌና በነሐሴ በየቀኑ በሚሊሜትር ይለካ። የቀን ፍጥነቱን ገልብጠው (አንድ ሲካፈል ለፍጥነቱ) በወረቀት ላይ ይንደፉት። በመነሻው ቀን (ቀን 0) 2 ሚሊሜትር፣ በ5ኛው 3.3፣ በ10ኛው 10 ከሆነ፣ የተገለበጠው ቁጥር 0.5፣ 0.3፣ 0.1 ሆኖ በቀጥታ መስመር ይወርዳል፤ ዜሮ የሚነካው ከ12ኛው ቀን እኩሌታ ላይ ነው። ሰውና ከብት ከሥሩ መነሣት ያለባቸው መስመሩ ቀጥ ብሎ መውረዱ እንደታየ ነው፤ በዚህ ምሳሌ ቢዘገይ በ10ኛው ቀን። አንድ ከባድ ዝናብ ወይም አነስተኛ ንዝረት ቀኑን ሊያቀርበው ይችላልና ዜሮውን አይጠብቁ።